አውራ ጣት

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ነቃሁኝ፤
ከቀኝ እግሬ ጫፍ ላይ እሳት አገኘሁኝ።
አንሶላው ከበደኝ እንደ ባቡር ሐዲድ፣
ትርንጎ ስትገላበጥ፣ አልጋው ሲንገዳገድ
ጮኽኩ፤ ቀጥሎም አፈርኩ። ጎተንበርግን ከዳር ዳር
ሠላሳ ቶን ትራም በእግሩ የሚገዛ ሹፌር፣
በአንድ ጣት ተሸንፎ ከትራሱ ጋር ሲማከር!

አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ አውራ ጎዳና ይንጫጫል፤
አውራ ጣት ግን ምን ቆርጦት? ካልሲ ውስጥ ይቀመጣል።
እንዲህ ነበር የማውቀው። በዚያ ሌሊት ግን አወራ፤
ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ እንደ በርበሬ ሲያበራ።

ጫማ ነው አልኩ። ፔዳል ነው አልኩ። ትርንጎ ምች ነው አለች፤
በረዶ በፎጣ ጠቅልላ እግሬን ትራስ ላይ ሰቀለች።
በማግስቱ ዘጠኝ ቁጥር በሌላ ሰው እግር ሄደ፤
ከመስኮቴ ሥር ሲያልፍ በደወሉ ጣቴን አረደ።

ዶክተር ሄልግሬን ቀጭን መርፌ ከአንጓው አስገባች፤
አንዲት ጠብታ ቀድታ ከማይክሮስኮፕ ሥር ዘረጋች።
«ና፣ እየው» አለችኝ። አየሁ፦ መርፌ በመርፌ ላይ፣
የገዛ ሰውነቴ ጨው፣ ሲብለጨለጭ እንደ ሰማይ።
«ዩሪክ አሲድ ነው» አለች፤ «ኩላሊትህ ያልሸኘው፤
ደምህ መሸከም ሲያቅተው፣ ብርድ ካለበት አስተኛው።»

ሪህ።
ለረጅም ሌሊት አጭር ስም።

ቢራ? አዎ። ጉበት? አዎ። ጠየቀች፣ እየጻፈች፤
ዱለት ምን እንደሆነ ሳስረዳት ብዕሯን አስቀመጠች።
ለፋሲካ ከኩንግስባካ ገበሬ ወይፈን ገዝተን፣
አሥራ ሁለት አባወራ ቅርጫ ተካፍለን፣
ቁርጥ በልቼ ነበር፤ አሁን ቁርጤን አወቅሁ።
ይህን በስዊድንኛ ልነግራት ሞክሬ ተውኩ።

«ከቤተሰብህ ያለበት አለ?»
«የለም» አልኳት በፍጥነት።

ሽብሩ በስልክ ሳቀብኝ፦ «የጌቶች በሽታ ነው!
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ፣ ጥጋብ ነው የያዘህ፣ ይኸው!»
ስልኩን ዘጋሁ።

ጌታ አልነበረም አባቴ። በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ
የሰው ጓዝ ሲመዝን የኖረ፤ ሥጋ የሚያየው በገበያ።
አንዳንድ ሌሊት እግሩ ያብጣል። «መተት ረግጦ» አሉት፤
ጠበል ረጩት፤ በሞቀ የጨው ውሃ ነከሩት።
ቀኝ ጫማውን በምላጭ ቀዶ ለጣቱ መስኮት አወጣ፤
እኔ ልጁ፣ ትምህርት ቤቴ በዚያ ጫማ እንዳይመጣ
እጸልይ ነበር።

ቤት አላወረሰኝ፣ መሬት አላወረሰኝ፤
በሽንት መውጣት ያቃተው ጨው ነው ከእሱ የደረሰኝ።
በማግስቱ ለዶክተሯ ደወልኩ።
«አለ» አልኳት፤ «ነበረ»።

አንዱ ክኒን እሳቱን ለማብረድ፤ ሌላው ለዘለቄታ።
«ሲያምህ ብቻ አይደለም» አለች፤ «ሳያምህም ትውጠዋለህ።
ጨው ሲሟሟም ይቆጣል፤ ክፉ ወር ይመጣብሃል፤ ታልፈዋለህ።»

መጣ። በሰኔ፣ ጀንበር እያመነታች በምትጠልቅበት ሰሞን፣
ጣቴ እንደገና አወራ፤ ያውም ረስቼው ድምፁን።
ክኒኑን ልጥል ተነሣሁ፣ በአንድ እግሬ እያነከስኩኝ፤
ትርንጎ ብልቃጡን ቆጥራ፣ ውሃ ቀድታ ጠበቀችኝ።

አምስት መቶ አርባ ነበር ቁጥሬ፤ በጥቅምት ሦስት መቶ አሥር።
ቢራው ቀርቷል። ሽብሩ ይስቃል። የውሃ ኮዳ ከወንበሬ ሥር።

ዛሬ ገና ሳይነጋ፣ ከዴፖው ደጃፍ፣ በዝናብ፣
ጫማዬ ውስጥ ጣቴን አነቃነቅሁት።
ዝም አለ።
«አባቴ መተት አልረገጠም» አልኩት የመስተዋቱን መጥረጊያ፤
ግራና ቀኝ ራሱን ነቀነቀ፦
አልረገጠም፣ አልረገጠም።
ደወሉን መታሁ፤
ፔዳሉን ረገጥኩ።